ሳይረግጡ ወደ ጊምቢ

ነቀምት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ስነሣ የሸኘኝ ጫላ ብቻ ነበር። ጫላ በያጅ ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ፣ የዚህ ጉዞም ምክንያት። አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ወሬ ያነሣ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ጊምቢ ሐኪም ቤት ድሬሰር ሳለ፣ የኋላ ጎማዋ ውስጥ ትንሽ ሞተር የተገጠመላት ቢስክሌት ነበረችው። በእሷ ከዴዴሳ እስከ ጊምቢ ያለውን ዳገት ፔዳል ሳይረግጥ ይወጣው ነበር ይባላል። ራሱም እስኪሞት ይህንኑ ነበር የሚለው። ጫላ ከድንኳኑ እንደወጣን፣ "ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያች ሞተር ያ ዳገት አይወጣም" አለኝ። አኮረፍኩት። ሁለት ሳምንት ካላናገርኩት በኋላ ሄጄ፣ "እንሥራትና እንየዋ" አልኩት።

የድሮዋ ጎማ የለችም፤ የቀረው ፎቶዋ ነው። እኔ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ፤ ትንንሽ ሞተር አያስቸግረኝም። ሞተሩን ከሣር ማጨጃ ፈታሁት። መጠኑ አባቴ ይነግረን ከነበረው ጋር እኩል ነው፤ ከዚያ የበለጠ ብገጥም ማጭበርበር ይሆንብኛል። ሰንሰለቱ የሞተር ሳይክል ነው። ሞተሩን የሚሸፍነውን ክብ ጫላ ከትልቅ የድግስ ድስት ቆርጦ ሠራው። ሁሉም ጎማው ውስጥ ሲገባ ቁርጥ የፎቶዋን መሰለች።

"ከማስነሣት ውጪ አንድ ጊዜ ከረገጥክ ተሸንፈሃል" አለኝ ጫላ።

"አልረግጥም" አልኩትና ሄድኩ።

ዲጋ

እስከ ዲጋ ድረስ ጎማዋ አላስቸገረችኝም። ባጃጆች እየቀደሙኝ ሹፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው ያዩኛል። ከከተማዋ መግቢያ ኬላ ላይ አንድ ፖሊስ አስቆመኝና ድስቷን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት።

"ኩን ማሊ?" አለኝ። ምንድን ነው ማለቱ ነው።

"ሞተር ናት፣ ኦቦ።"

"ታርጋዋስ?"

"የላትም። ቢስክሌት ናት።"

አንዴ ዞሯት። "ቢስክሌት ከሆነች እርገጣታ" አለኝ በአማርኛ።

ሞተሩን አጥፍቼ ኬላውን እየረገጥኩ አለፍኩ። ሜዳ ላይ የተረገጠ አይቆጠርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዲጋ ላይ ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ በላሁ። ማደያው ቤንዚን የለም ስላለኝ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡት በእጥፍ ዋጋ ገዛሁና በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ቀዳሁት።

ዴዴሳ

ከዲጋ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። ፍሬኑን ይዤ ይዤ እጄ ደነዘዘ። ሙቀቱ የዴዴሳ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ሲደርሱ ፊት ላይ ይመጣል። እዚያ ጥላ ሥር ማንጎ ከሚሸጡ ሰው ዘንድ ዐረፍ አልኩ። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ በድርቁ ዘመን ከወላጆቻቸው ጋር ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ገበሬ ናቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ሳትረግጥ?" አሉኝ ማንጎውን እየላጡ። "ይሄ ዳገት እኮ የጭነት መኪናም ያስለቅሳል።"

"አባቴ ወጥቶታል።"

"እንግዲያ አብሽር፣ ትወጣለህ" አሉኝ። እንዳላመኑኝ ግን ያስታውቃል።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ ደህና ወጣች። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ወፈረ፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሸተተኝ፣ ቀጥ አለች። ውሃ ጠጥቼ እስክትበርድ ጠበቅኩ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ልትቆም ስታጣጥር ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። ማንም የለም። ረገጥኩ።

ትንሽ እግሬን ሳግዛት ቅሬታዋን ትታ ቀጥ ብላ ወጣች። እኔ ግን አፈርኩ። በአባቴም ተናደድኩ። ለቅሶው ላይ ያ ሁሉ ሰው በውሸት ሲያነሣው ነበር ማለት ነው። እስከ ጊምቢ ስረግጥ ይህንኑ ሳብሰለስል ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ጊምቢ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ

እናቴ የሞተሯን ድምፅ ሰምታ ደጅ ወጥታ ነበር የጠበቀችኝ። ጎጃም ተወልዳ በሙሽርነቷ ጊምቢ የገባች ሴት ናት፤ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት አልወጣችም። አገላብጣ ሳመችኝና እጇን ድስቷ ላይ አሳረፈች።

"እሷው ናት" አለች። "ድምፅዋ ትንሽ ይቀጥናል እንጂ።"

"አልወጣችም፣ እማዬ" አልኳት። "ዳገቱን ረግጬ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ በምን ልትመጣ ኖሯል?"

"አባዬ ሳልረግጥ ነው የምወጣው ይል አልነበር?"

ሳቀች። እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። "የአባትህን ሸሚዝ ማን ያጥብ ነበር?" አለችኝ። "ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ርሶ ነው የሚመጣ። ያ ወፍጮ ቤት ይታይሃል? እስከዚያ ድረስ ይረግጣል። ሰው ከተሰበሰበበት ሲደርስ እግሩን ያነሣና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከወፍጮ ቤቱ እዚህ ሜዳ ነው። እኔ ከዚች ደጅ ሆኜ አየዋለሁ።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ደስ ይለው ነበር" አለችና ሸሚዜን እንዳወልቅ እጇን ዘረጋች። በማግስቱ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ሰጠችኝ።

መልስ

ሁለት ሌሊት አድሬ ተመለስኩ። ዴዴሳ ላይ ጋሽ ሰይድ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ማንጎ ጨምረው ሰጡኝ። በዲጋ በኩል ያለውን ዳገት ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሬ ያለ ሐፍረት ረገጥኩት። አባቴ የበሽተኛ መድኃኒት ተሸክሞ፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚህች ደካማ ሞተር ሲወጣ ታየኝ። ሳይረግጥ ወጣ ከሚሉት አባቴ ይልቅ ላቡ የሚንጠባጠበውን ወደድኩት። እንዲህ ወድጄው አላውቅም።

ነቀምት ስገባ ገና አልመሸም ነበር። ጫላ ቡርቃ ጃቶ ከሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ከእሱ ጋር ጎረቤቶቹም አሉ። ሱቁ ጋ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። አርባ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጎማዋ ድስቷን እያንቀጫቀጨች እፊቱ አደረሰችኝ።

"ዳገቱስ?" አለኝ።

"ልክ አባቴ እንደወጣው ወጣሁት" አልኩት።

ጎረቤቶቹ አጨበጨቡልኝ። ጫላ ግን ከኋላዬ ዞሮ በላብ የራሰውን ሸሚዜን አየ። ከዚያ ድስቷን መታ መታ አደረገና፣ "ነፍሳቸውን ይማር" አለ።