አባቴ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ግድግዳ ላይ ተስሎ ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ግድግዳው ገርጂ ውስጥ የሐጂ ከድር ወፍጮ ቤት የጎን ግድግዳ ነው። ያኔ ገርጂ እንደዛሬው በፎቅ አልታጠረችም፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ከእግር ያወልቃል፣ ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ከቆርቆሯችን በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍም ሰው ወሬውን አቋርጦ እስኪያልፍ ይጠብቀዋል። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ዕድሜውን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲስል የኖረ አንድ ሰዓሊ ሰፈራችን ቤት ተከራይቶ፣ ያንን ግድግዳ ኖራ ቀብቶ የሰፈሩን ሰው፣ ያለውንም የሄደውንም ጎረቤት እንደነገረው፣ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ሳለበት። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሰዓሊው ለቆ ሄደ፤ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ሰዎቹ ግን ቀሩልን።

ከሥዕሉ ሥር እማማ ወለላ በቆሎ ይጠብሱ ነበር። አመሻሹ ላይ ኩራዛቸውን ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ያንጠለጥላሉ፤ እኛ የሰፈር ልጆች ከሰሉን ከበን ቁጢጥ እንላለን። በየትኛውም ጎን ብቀመጥ ጭሱ ወደ እኔ ይመጣል፤ እሳቸውም «ጭስ እንኳን ሰው ያውቃል» እያሉ ያሾፉብኛል። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» እንላለን፤ ሲጨርሱ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦ ከጠፋም በበቆሎ» ብለው ይስቃሉ።

ተረታቸው ሲያልቅ በማርገብገቢያቸው ወደ ግድግዳው እያመለከቱ ስለተሳሉት ሰዎች ያወሩናል። ጆንያ ያዘለችው ሴት ጅብ መንገድ ላይ ቢጠብቃት ዱቄት ዓይኑ ላይ በትና ያመለጠች ናት። መሃል ላይ ጥርሱ ሁሉ የሚታየው ወጣት ደምሴ ይባላል፤ ኳስ ሲጫወቱ በረኛ ጎድሎባቸው፣ ከጎኑ የተሳለችውን የሐጂ ከድርን አህያ ግብ ላይ ያቆመ ልጅ ነው። «እሷ ቆማ እያለች ግብ አልገባባቸውም» ይሉናል እማማ፣ እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። የግድግዳውን ሰዎች ታሪክ ሲጀምሩ «ተረት ተረት» እንደማይሉ ያኔ ልብ ያለ አልነበረም።

በስተቀኝ ጥግ ቆብ ያደረገ ሰው አለ። ሌላው ሁሉ ፊት ለፊት ሲያየን እሱ ብቻ ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። የጆሮው ጫፍ ጎደሎ ነው፤ የአባቴንም ጆሮ በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ጫፉ ጎደሎ ነበር። ስለዚህ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ይሄ አባቴ ነው» እላለሁ። ሌላው ዝም ብሎ ሲገተር እሱ ብቻ አንድ ነገር የሚጠብቅ፣ ሥራ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ያኔ የመጋዘን ጥበቃ ስለነበረም ነገሩ ልክ መጣልኝ። እማማ ወለላ የእሱን ታሪክ ነግረውን አያውቁም። እኔ ስኮራ እሳቸው በቆሎውን ያገላብጡና ደህና የበሰለውን መርጠው ይሰጡኛል። ቤት ገብቼ ስናገር ደግሞ እናቴ «የምን ሥዕል? እራትሽን ብዪ» ትለኛለች።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ አይቀርም፣ በፍልሰታ ጾም ቦሌ የምትኖረው የእናቴ እህት እያመላለሰች ታስቆርበኝ ጀመር። አንድ ቀን ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ተሰልፈን ቆመን ግድግዳውን አያለሁ። ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ማዕድ ተቀምጧል፤ ሁሉም በትልልቅ ዓይኖቻቸው እኔን ያዩኛል። አንዱ ብቻ ወደ ጎን ዞሯል።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ ለምን ዞረ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ይሁዳ ነዋ» አለችኝ። «ሰዓሊዎች ክፉ ሰው ሲስሉ አንድ ዓይኑን ነው የሚያሳዩት። ሁለት ዓይን ለደግ ሰው ነው። አሁን ዝም በይ፣ ተራሽ ደርሷል።»

እሷ የወፍጮ ቤቱን ሥዕል አይታው አታውቅም፤ የነገረችኝ ማንም ሴት ለልጅ እንደምትነግረው ነው። እኔ ግን ወዲያው የወፍጮ ቤቱ ባለ ቆብ ታወሰኝ። ሊያቆርቡኝ አፍሽን ክፈቺ ሲሉኝ አልሰማሁም፤ አክስቴ ናት አገጬን ቀና ያደረገችው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ልጆቹ ሳይሰበሰቡ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስኩ። ግድግዳውን አንድ በአንድ አየሁት። ባለ ጆንያዋ ሁለት ዓይን አላት። ሐጂ ከድር ሁለት። አህያዋ እንኳን ሁለት ዓይን ነበራት። እማማ ወለላ ከሰል እያቀጣጠሉ ነበር።

«እማማ፣ አባቴ ምን አድርጎ ነው?»

ማርገብገቢያው ቆመ። ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ምናለ ባይነግሩኝ ኖሮ የምልበት ቀን ዛሬም አለ።

«ደምሴ ልጄ ነው» አሉ። «ለውትድርና አፈሳ ሲመጣ እዚሁ ወፍጮ ቤት ከጆንያው ጀርባ ደበቅኩት። አባትሽ ያኔ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነበር። ገብቶ ጎትቶ አወጣው። ልጄ ዱቄት ለብሶ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

የሳቅንበት ልጅ፣ ባለ አህያው፣ በየማታው «ይድገሙልን» ያልናቸው ታሪክ፣ የተወሰደባቸው ልጃቸው ነው። አባቴ ነው፣ አባቴ ነው እያልኩ ስጮህ የከረምኩት በማን ጆሮ እንደሆነ አሁን ገባኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔ ልጄን አጣሁ። አንቺን ደግሞ አባት ላሳጣሽ?» አሉና በቆሎ ዘረጉልኝ። «ያዢ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም። ቤት ስገባ አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል፣ እናቴ እራት ታቀርባለች። አባቴ ቁጡ ሰው አልነበረም። ሌባ እንኳን የሚመታ አይመስልም፤ ፀጉሬን ሳይቀር እሱ ነበር የሚያበጥርልኝ።

«አባዬ፣ የወፍጮ ቤቱን ሥዕል አይተኸዋል?»

ሬዲዮውን ዘጋ። እናቴ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ይክዳል ብዬ ነበር፤ ቢክድ አምነው ነበር፣ እማማ ወለላን ውሸታም አደርጋቸው ነበር፣ ልቤ ተዘጋጅቶ ነበር።

«አላየሁትም» አለ። «በዚያ አላልፍም።» ያኔ ነው ከመገናኛ ሲመጣ ሁልጊዜ በወንዙ በኩል ዞሮ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ የሚገባው ለምን እንደሆነ የገባኝ። ቀጠለ፦ «ኮታ ነበረብን። ሰው ካልሞላ እኛን ነው የሚወስዱት። አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም ነበር።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ልጁ አለበት?» አለኝ።

«አለበት።»

«ምን ይላል፣ ፊቱ?»

«ይስቃል።»

«ወዴት ነው የሚያየው?»

አሰብኩ። «ፊቱ የሚቆመውን ሁሉ ነው የሚያየው» አልኩት። «አንተ ግን ወደ እሱ ነው የምታየው።»

አባቴ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። እናቴ ትሪውን አስቀመጠች፣ ውሃ አምጥታ አስታጠበችን፤ ሌላ ምን ታደርግ። መብላት ጀመርን። አባቴ እንደወትሮው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋ።

እጁን አየሁት። ልጅን ከጆንያ ጀርባ ጎትቶ ያወጣው ይሄ እጅ መሆኑን አሰብኩ፤ ቀኝ ይሁን ግራ እንኳን አልጠየቅኩም። እጁ ጠበቀኝ።

ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ብዙ ጊዜ ሆነው፤ እማማ ወለላም አባቴም ዛሬ የሉም። የዚያን ዕድሜ ተረት አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ስለ አባቴ የሰማሁት ነገር ግን እንደ አዲስ የሚያስደነግጠኝ ጊዜ አለ፤ መንገድ ላይ ስሄድ፣ ልጄን ሳለብስ፣ ድንገት ይመጣብኛል። ከእሱ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ያን ማታ አፌን ከፍቼ ጎረስኩ፤ ሽሮው ጣፍጦኝ ነበር።