ጨው መጥቷል

በሚዛን ተፈሪ ደንበኛውን እንደኔ የሚያውቅ ነጋዴ ተፈልጎ አይገኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። ሃያ ዓመት ቆርቆሮና ሚስማር ሸጫለሁ። አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ በአረማመዱ ብቻ የቤቱን ስፋት፣ የጣሪያውን እርጅናና የአማቱን ጠባይ ልነግራችሁ እችላለሁ። ከሸኮ እስከ ቴፒ ዝናብ ሲወርድ ከሚሰማው የጣሪያ ጩኸት ግማሹ በኔ እጅ ያለፈ ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ግማሹ?» ትላለች። እሺ፣ ጥቂቱ።

ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቆርቆሮ ቤት ተከፈተና ሱቄ ጭር አለ። ዝንቦቹ እንኳ ወደዚያ የተሻገሩ መሰለኝ። ከጎኔ ስልክ የሚሸጠው ጎረቤቴ፣ ከጅማ በኩል የመጣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፣ አንድ ቀን በሱቄ በር ላይ ቆሞ ሲታዘበኝ ቆየና፣

«አንተ ሰው፣ ደንበኞቼን አውቃለሁ ትላለህ። ማወቅህን እነሱ በምን ይወቁ?» አለኝ።

«ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።»

«አይመጡማ!» ብሎ ስልኬን ከእጄ ወሰደ። «ይኸው፣ ኤአይ ይባላል፣ እንደ ሰው የሚጽፍ ማሽን ነው። ስለ እያንዳንዱ ሰው የምታውቀውን ንገረው። ለእያንዳንዱ የራሱን መልእክት ይጽፍለታል። ላንዱ የጻፈው ለሌላው አይሆንም። የአዲስ አበባ ነጋዴ አሁን እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ስንት ሰው ይቀጠርበታል?»

«አንተና አውራ ጣትህ።»

ሦስት ቀን ሙሉ የሚስማር ሳጥን ላይ ተቀምጬ እንደ ንስሐ ገቢ ለስልኬ ስናዘዝ ዋልኩ። ልዩነቱ፣ የተናዘዝኩት የራሴን ሳይሆን የሰውን መሆኑ ነው። የማን ወጥ ቤት በጭስ እንደጠቆረ፣ ማን ልጁን ሊድር ቤት እንደሚያሰፋ፣ ማን ከጎረቤቱ ጣሪያ ጋር እንደሚፎካከር፣ አንድም አላስቀረሁም። አማን ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ነበሩ፤ ስለ ጉልበታቸውና ከአልጋቸው በላይ ስላለው ቀዳዳ ነገርኩት። ማሽኑም «አባባ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ከአልጋዎ በላይ ያለው ቀዳዳ ግን ዝናብ እስኪገባ አይጠብቅዎትም» ብሎ ጻፈላቸው። ሳነበው እኔው ራሴ ከራሴ ሱቅ ቆርቆሮ ልገዛ አማረኝ።

ከደንበኞቼ አንዷ ከሸኮ ወዲያ ካለ መንደር የምትመጣ ሴት ነበረች። በገበያ ቀን ኮረሪማዋን ትሸጥና አንድ፣ ሲቀናት ሁለት ቆርቆሮ ትገዛለች። ይዛ ግን አትሄድም። «አንተ ጋ ይቀመጥ፣ ጋሼ» ትላለች። ይህ በኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ገበሬ ጣሪያውን ባንድ ቀን አይገዛም፤ ጥቂት ጥቂት እየገዛ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ በአደራ ያስቀምጣል፣ ሲሞላለት ጭኖ ይሄዳል። የሷ አደራ ግን ከሌላው ይከብድ ነበር። ባሏ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ እንደሆነ ሰምታለች።

«ያግባ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ቆርቆሮውን በጥፍሯ እየነካካች። «እኔ ግን ከሷ ጋር አንድ ጣሪያ ስር አልሆንም። ወንድሜ ከእናቴ ቤት ጎን ቦታ ሰጥቶኛል። ሠላሳ ሲሞላ እሄዳለሁ። እሱ ቀድሞ ካወቀ ግን አንድም አይተርፈኝም።»

የራሷ ስልክ የላትም። በቤቱ ያለው አንድ ስልክ ነው፤ እሱም የሚውለው ባሏ ኪስ ውስጥ ነው። ጥሩው ቆርቆሮ ሲገባ በዚያው እንድደውል ተስማማን፤ የምናገረውን ግን እሷ መረጠችልኝ። «ጨው መጥቷል በል» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እየደወልኩ ለባሏ «ጨው መጥቷል በልልኝ» ስል ኖርኩ። ሰውየው የጨው ነጋዴ አድርጎ ያዘኝ። እኔም ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ለብቻዬ እስቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ጨው አንድ ዝሆን እስከ ኩምቢው ማጣፈጥ ይቻላል።

ይህንንም ለስልኬ ነገርኩት፤ ከነጨው፣ ከነቦታው። የጻፈላት እንዲህ ይላል፦ «ውድ እህታችን፣ በትዕግሥት ያሰባሰቧቸው ሃያ አራት ቆርቆሮዎች በመጋዘናችን በደኅና ተቀምጠዋል። የራስዎ ጣሪያ ሊሞላ የቀሩት ስድስት ብቻ ናቸው። ዝናብ ሳይገባ ለሚወስዱ ደንበኞቻችን ሚስማሩ በነፃ ነው።»

ጎረቤቴን ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ወላሂ፣ ይቺን ሰምቶ የማይገዛ ሰው ድንጋይ ነው» አለ።

ደረቴ ተነፋ። ማሽኑ ሁሉንም መልእክት በየስማቸው አሰናዳልኝና አንድ ጊዜ ተጫንኩ። መቶ ምናምን ሰው ባንድ አውራ ጣት። ማታ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን ጣቴን እንድትስም ጠየቅኳት። እጅህን ታጠብ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት የአማኑ አባባ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሱቅ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ መልእክትህ ለቅሶ ቤት ደረሰኝ። መነጽሬን ረስቼ ነበርና አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ድንኳን ሙሉ ሰው አልጋዬ እንደሚያፈስ ሰማ። ሐዘንተኛዋ ሳትቀር ሳቀች።»

እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን መሀል ላይ ቆመ። ሃያ ዓመት ስኖርበት ይህን እንዴት እንደረሳሁ አላውቅም፤ በኛ አገር መልእክት ለብቻ አይነበብም። ያልተማረው ለተማረው ይሰጣል፣ መነጽር የረሳው መነጽር ላለው ይሰጣል፣ የቆመ ሁሉ ያዳምጣል። የሸኮዋ ሴት መልእክት ደግሞ ባሏ ኪስ ውስጥ ገብቶ አድሯል።

ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ጎረቤቴ ፊቴን አይቶ ቀልዱን ተወና «መልሰህ ልትጠራው አትችልም እንዴ?» አለኝ።

«መልእክት ውሻ ነው የሚጠራው?» አልኩት። ቀልድ ነበር፤ እየተናገርኩ ግን ሱቄን እቆልፍ ነበር።

ወደ ቴፒ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ገጀራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመዋል። በኛ በኩል ገጀራ እንደ ቀበቶ ነው፤ ቡና ውስጥ የሚውል ሰው ያለሱ አይወጣም፣ ከዚያን ቀን በፊትም ልብ ብዬው አላውቅም። ያን ዕለት ግን ማን እንደሳለው፣ መቼ እንደተሳለ፣ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ሳሰላ ሄድኩ። ለራሴ ፈራሁ። ለሷም ፈራሁ። የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቁኝ፤ እንደየመታጠፊያው ይለያይ ነበር።

ሸኮን አልፈን ወረድኩና መንገድ ላይ ያገኘኋትን አንዲት ሴት የነሱን ቤት ጠየቅኩ። በቡናው መሀል የሚገባውን ቀጭን መንገድ አሳየችኝ። ሰውየው ዛፍ ሥር አረም እየመታ ነበር። ረጅም፣ ፂሙ የሸበተ፣ ገጀራው በእጁ። መልኩን አላውቀውም። የማውቀው «እሺ፣ እነግራታለሁ» የሚለውን ድምፁን ብቻ ነው።

«ማን ነህ?» አለ።

«የጨው ሰውዬ ነኝ።»

«በድምፅህ አወቅኩህ። ተቀመጥ።» የወደቀ ግንድ አሳየኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በላስቲክ የጠቀለለውን ስልክ ከኪሱ አወጣ። «ከአንተ ቁጥር ነገር ገብቷል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንብብልኝ።»

በዚያች ቅጽበት ፈጣሪ በሩን የከፈተልኝ መሰለኝ። በሕይወቴ ሙሉ ስቀባጥር የኖርኩት ለዚህ ቀን ነው አልኩ። ስልኩን ተቀብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ውድ ደንበኛችን፣ ጨው መጥቷል። ጨውም ጨው ነው፤ ከአፋር በቀጥታ የመጣ፣ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ለሰውም ለከብትም የሚስማማ። ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታችን ይድረስ ይላል።» ዓይኖቼ ግን «የራስዎ ጣሪያ» የሚለው ላይ ተተክለዋል። አውራ ጣቴ ማጥፊያውን ስትፈልግ ያዘኝ።

«አታጥፋው» አለ።

ስልኩን መልሶ ወሰደና በላስቲኩ ጠቀለለው። ቀስ ብሎ ነው የጠቀለለው።

«ረጅም ጨው ነው» አለ። «ጠዋት መምህሩ ሲያነብልኝ ቆርቆሮ ነበር።»

ከላያችን ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ዘለለና ቅጠል ላይ ያደረ ውሃ አንገቴ ላይ ወረደ። ደሜ መሰለኝ። በእጄ ዳሰስኩት።

«ሃያ አራት?» አለ።

«ሃያ አራት።»

«ጨው ስትል ሁለት ዓመት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሺ እነግራታለሁ ስልህ የነበርኩ እኔ ነኝ።» አልጮኸም። እንደ ተዋረደ ሰው ነበር የሚናገረው፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ገጀራውን አንስቶ ወደ አረሙ ዞረ። «ሂድ። ሚኒባሱ እንዳያመልጥህ።»

ስመለስ በዚያው ቀጭን መንገድ ላይ ሚስቱን ውሃ ተሸክማ ስትመጣ አገኘኋት። እኔን እዚያ ስታይ ነገሩ ገባት። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠችና አየችኝ። አንድ ቃል ማለት ነበረብኝ፤ «አውቋል» ማለት እንኳ። እግሬ ቀደመኝ። እያየችኝ አልፌያት ሄድኩ።

እስከ ገበያ ቀን ድረስ ሰው አልነበርኩም። ከሸኮ በኩል ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ወደ መጋዘኑ ገብቼ ከሷ ቆርቆሮ ጀርባ እቆማለሁ። ንፋስ ሲነካው ይጮሃል፣ እኔም እዘላለሁ። ከዚያ በኩል የመጣውን ሁሉ «ምን አዲስ ነገር አለ?» እላለሁ፤ ሲመልሱልኝ ደግሞ ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል። ባለቤቴ ያልነካሁትን ሳህን አየችና «አንተ ቀልደኛ፣ እስቲ አሁን ቀልድ» አለችኝ።

በገበያው ቀን መጣች። መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ነው፣ ቀጥሎ ክንዶቿን። ምን እንደምፈልግ ገባት።

«አልመታኝም» አለች። «ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቆርቆሮው ወደ ቤት ይምጣ አለ።»

«ወደ የትኛው ቤት?»

«ወደሱ።»

ከኋላዋ የባሏ ወንድም የጭነት መኪና ይዞ ቆሟል። ሃያ አራቱን አንድ በአንድ ስናወጣ ቆጠረች፤ ሁለት ዓመት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጫነ። አፌን ዝም ማሰኘት ስላልቻልኩ «የቀሩትን ስድስት እኔ ልስጥሽ፣ በነፃ» አልኳት።

«ለማን ጣሪያ?» አለች።

«እህቴ፣ እኔ እኮ አይደለሁም። ማሽኑ ነው የጻፈው» አልኩ።

«ማሽኑን አላውቀውም። የነገርኩት ለአንተ ነው።» ጋሼ አላለችኝም። መኪናው ላይ ወጥታ ቆርቆሮው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሱቄን ረግጣው አታውቅም።

ታሪኩን ለጠየቀኝ ሁሉ ማሽን ጉድ ሠራኝ እላለሁ። ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ ዘመኑ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ሻይ ይጋብዘኛል። እውነቱ ግን ስልኬ ውስጥ አለ፣ አላጠፋሁትም። የሷን ነገር ተናግሬ ስጨርስ፣ ማሽኑ መልእክቱን ከመጻፉ በፊት ጠይቆኝ ነበር፦ «ደንበኛዋ ይህ ነገር በምስጢር እንዲያዝላቸው የፈለጉ ይመስላል፤ ቁጥሩም የባለቤታቸው ነው። ቆርቆሮውን ሳልጠቅስ ልጻፍ?» የመለስኩለት እኔ ነኝ፣ በገዛ አውራ ጣቴ። «አይ፣ ጥቀሰው» አልኩት። ለጎረቤቴ ሳነብለት እንዲያምር ፈልጌ ነበር።