ባለባናዋ

እትዬ ጌታነሽን በመንዟ ከተማችን በመሐል ሜዳ በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። «ባለባናዋ» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጡላት የባለቤቴ አያት እማማ አመተሥላሴ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሲወጣላትም ሲገለበጥም አጠገቧ ነበርኩ።

በ2001 ዓ.ም. ጥር፣ የእማማ አመተሥላሴ የልጅ ልጅ በተክሊል ስታገባ ፎቶ ያነሳችው እትዬ ጌታነሽ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይጨልማል፤ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ደግሞ ፍላሽ አይወዱም። «እዚህ መብረቅ አላስገባም!» ብለው ከለከሉ። እሷም በዚያች ትንሽ ካሜራዋ ያለ ፍላሽ አነሳች። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ፣ ሙሽራዋን ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ወርሯት፣ ነጭ ልብሷ ሻካራ የበግ ፀጉር መስሎ ቁጭ አለ። እማማ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፤ አዙረው መልሰው አዩት።

«አንቺ ጌታነሽ፣ የልጄን ልጅ ባና አልብሰሽ ነው እንዴ የዳርሽብኝ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባና እኛ መንዞች ከበግ ፀጉር የምንሠራው ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ ለብርድ እንጂ ለሙሽራ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ያለው ሁሉ ፎቶ አንሺ ከደብረ ብርሃን ማስመጣት ጀመረ። እትዬ ጌታነሽ ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነበርና፣ የሰው ቀልድ ለሷ ቀልድ አልነበረም።

«ካሜራ እቀይራለሁ» አለችኝ። «እሱም ባና ካለበሰ ግን ወደ ልጅነት ሥራዬ፣ ወደ ፀጉር ፈተላ ተመለስኩ ማለት ነው።»

በመጋቢት ደብረ ብርሃን ሄደች። እኔም ልጄን ሳሌምን አርግዤ ስለነበር ለሐኪም ብዬ አብሬያት ተሳፈርኩ። ከድር የሚባል ነጋዴ ሱቅ ገባን። ሁለት ካሜራ አወጣልን፤ አንዱ አዲስ፣ ስስና የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው ሰው የተገለገለበት፣ ወፍራም ጥቁር። ዋጋቸው እኩል ነው።

«እህቴ፣ አዲሱን ውሰጂ። አሥራ ሁለት ሜጋፒክስል፣ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ ያ አሮጌ ስድስት ብቻ። ዙሙ ከሩቅ ይስባል።»

«ከሩቅ ለምን እስባለሁ? እግር የለኝም?»

«እሺ፣ ቪዲዮስ? ያኛው ቪዲዮ የለውም።»

እዚህ ላይ አዲሱን ካሜራ አንስታ አገላበጠችው። ቪዲዮ ሰርገኛ ሁሉ የሚጠይቀው ነገር ነው። ቆይታ ከቦርሳዋ ነጠላና ቁራጭ ባና አውጥታ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች።

«ወንድሜ፣ በሩን ዝጋልኝ።»

«ለምን?»

«ሱቅህን ቤተ ክርስቲያን ላድርገው።»

«የከድርን ሱቅ? አባቴ እንዳይሰሙ!» እያለ፣ እየሳቀ የብረት በሩን ዘጋ።

የብርሃን አቀባበሉን፣ አይ ኤስ ኦ የሚሉትን፣ በሁለቱም ከፍ አድርጋ ያለ ፍላሽ አነሳች። ኮምፒውተር ላይ አጉልታ አየችው። በአዲሱ ካሜራ ነጠላውና ባናው የአንድ በግ ፀጉር ሆነዋል። በአሮጌው ጥቂት ነጠብጣብ አይታጣም፤ የነጠላው ጥለት ግን ፈትሉ ይቆጠራል።

ከድር ራሱ ጠጋ ብሎ አፈጠጠ። «ታዲያ ሜጋፒክስሉ ምን ሠራ?»

«በዚህች ስስ ካሜራ ውስጥ ብርሃኑ የሚያርፍባት ሰሌዳ ጠባብ ናት። ጠባብ ማሳ ላይ አሥራ ሁለት ቁና ገብስ ብትዘራ ይበቅላል፤ ተፋፍጎ ይቀጭጫል እንጂ ፍሬ አይዝም። ስድስቱን በሰፊ ማሳ ስጠኝ።»

«ቪዲዮውስ?» አልኳት በጆሮዋ።

«ቪዲዮ የፈለገ ሌላ ይጥራ። እኔ የወደቅኩት ጨለማ ውስጥ ነው፤ የምነሳውም እዚያው ነው።»

በሐምሌ የሳሌም ክርስትና ደረሰ። ባለቤቴ ምስክር «ሌላ ሰው ብንጠራ?» ቢለኝ «በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ጠዋት ጉሙ ከተማውን ውጦት፣ ክርስትና ቤቱ እንደ ጉድጓድ ጨልሟል። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ገና ሲያዩዋት፣ «መብረቅ የለም!» አሉ።

«የለም አባቴ፤ ትቼው መጥቻለሁ።»

ክርኗን ጎኗ ላይ አጣብቃ፣ ትንፋሿን ውጣ አነሳች።

በሳምንቱ ፎቶውን ይዛ መጣች። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። እማማ አመተሥላሴ ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ወደ በሩ ብርሃን አነሱት። ፎቶው ላይ ባናቸውን ደርበው፣ በነጭ የተጠቀለለችውን ሳሌምን አቅፈዋል። እትዬ ጌታነሽ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

እማማ ነጩን በጣታቸው ነኩ። «ይሄ ነጠላ ነው።» ጥቁሩን ነኩ። «ይሄ ባናዬ ነው።» ድንገት ጮኹ፦ «ኧረ ይቺ አይጥ የበላቻት ቀዳዳ! ምናለ ይቺን እንኳ ብታልፊያት?»

እልልታው ቀለጠ። እትዬ ጌታነሽ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ሳቀች።

«እንግዲህ እማማ፣ ስሜን መልሱልኝ።»

«አልመልስም! ባናን ባና፣ ነጠላን ነጠላ አድርጎ የሚያነሳ ማን አለና? ባለባናዋስ ገና አሁን ሆንሽ!»

እዚያው ቤት ውስጥ ለመጪው ጥር ሁለት ሰርግ ተያዘላት። ዛሬ በሯ ላይ በቀይ ቀለም «ባለባናዋ ፎቶ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። መስኮቱ ላይ ከሁሉ ገዝፎ የተሰቀለው የእማማ አመተሥላሴ ፎቶ ነው፤ ከነቀዳዳው።