የግራኙ ሸሚዝ

ልጅ እያለሁ አርባ የሞቱ ፈረንጆችን በመልካቸው ለይቼ አውቅ ነበር። ሁሉም የቤዝቦል ተጫዋቾች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አባቴ ከመወለዱ በፊት ተጫውተው ያለፉ። የጨዋታውን ሕግ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። መልካቸውን ግን አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ስደተኛ የሚበዛበት ሰፈር፣ እኛ በምንኖርበት ፎቅ፣ ከታች ባለው አዳራሽ፣ ዊንተሩን ሙሉ በየቅዳሜው የፎቶ ውድድር ይካሄድ ነበር።

የሚያወዳድሩን ሚስተር ኖርማን የሚባሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠራቀሟቸውን የድሮ ተጫዋቾች ፎቶዎች በጫማ ካርቶን ይዘው ይወርዳሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ቁጥር እየሰጡ ይደረድሯቸዋል። እኛ እየዞርን አይተን የእያንዳንዱን ስም ወረቀት ላይ እንጽፋለን። አዳራሹ የወለል ሰምና የፖፕኮርን ሽታ ነበረው። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ደግሞ እንደ ኮምጣጤ ያለ የአሮጌ ወረቀት ሽታ ይወጣል። ያን ሽታ እወደው ነበር።

የፈረንጆቹን ስም መያዝ ስለሚከብደን፣ እኛ የሐበሻ ልጆች የራሳችንን ዘዴ ፈጠርን፤ እያንዳንዱን ተጫዋች ከምናውቀው ሰው ጋር ማመሳሰል። ጢሙ አፉን የሸፈነውን ጋሽ ዘውዴ አልነው። ጆሮው እንደ በር ወለል ብሎ የተከፈተው ዲያቆኑ ሆነ። ካሜራውን የተቆጣው ወፍራም ሰውዬ የቢኒ እናት ተባለ፤ ቢኒ ግን አልሳቀም። ሁለት ኳስ ወርዋሪዎች ብቻ አስቸገሩን። ወንድማማቾች ናቸው፤ መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። ታላቁ በቀኝ እጁ ይወረውራል፣ ኳስ መቅለቢያ ጓንቱን ግራ እጁ ላይ ያጠልቃል። ታናሹ ግራኝ ስለሆነ ጓንቱ ቀኙ ላይ ነው። ስለዚህ «ቀኙ» እና «ግራኙ» ብለን በጓንታቸው ለየናቸው።

ቢኒ ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል። አባቱ ታክሲ ስለሚነዱ ጨዋታውን ቀኑን ሙሉ በሬዲዮ ይከታተላሉ፤ ለእሱም ያስረዱታል። እንዲያም ሆኖ ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ሲቀረው እኔና እሱ እኩል ነጥብ ነበረን፤ ለአሸናፊው የተዘጋጀው ሽልማት አንድ የቆየ የቤዝቦል ጓንት ነበር። በዚያ ሳምንት ሊፍት ውስጥ ተገናኘንና አባቴ እንደሚያስጠናኝ ነገርኩት።

«አባትሽ? አባትሽ ፓርኪንግ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

«እዚህ ነው። ደሴ ግን ፎቶ አንሺ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቷል።»

«ኦ ካም ኦን!» ብሎ ሳቀብኝ። «እዚያማ የሁሉም አባት የሆነ ነገር ነበር። የኔም ፓይለት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እስቲ ፕሩቭ አድርጊ።»

አባቴ ከአገር የወጣው በሱዳን በኩል በእግሩ ነው። ካሜራ ይዞ አልመጣም። ቤታችን ውስጥ እሱ ያነሳው አንድም ፎቶ የለም። የእሱና የእናቴ የሠርግ ፎቶ እንኳ የለም። «የደሴን ሰው ግማሹን እኔ ነኝ ያነሳሁት» ሲለኝ፣ ከዚያ በፊት አምነው ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ቢኒ የዘራብኝ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም። የጓደኞቼ አባቶች በሙሉ አንድ ነገር ነበሩ፤ ማስረጃ ያለው ግን አንድም አልነበረም። ከሽልማቱ ይልቅ እሱ ነበር የሚያንገበግበኝ።

ያም ሆኖ አርብ ማታ አባቴን እንዲያስጠናኝ ጠየቅኩት። ከሥራ እንደገባ፣ እጁ ገና ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ሳለ፣ ኮፒ ያደረግኳቸውን ፎቶዎች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት።

«ከመልኩ አትጀምሪ» አለኝ። «መልክ ያሳስታል። መጀመሪያ የሸሚዙን ቁልፎች እዪ።»

«ቁልፍ ምን ያደርግልኛል አባዬ?»

«የወንድ ሸሚዝ ሲቆለፍ በለባሹ ግራ በኩል ያለው ከላይ ይደርባል። የሴት ደግሞ በቀኝ በኩል ያለው። አዲስ ሠራተኛ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ገብቶ ኔጋቲቩን፣ ማለት ፊልሙን፣ በጀርባው ካስቀመጠው፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታተማል። አንዴ አንድ የመቶ አለቃ ፎቶውን ይዞ መጣና ‹ጠባሳዬን ማነው ወደዚህኛው ጉንጬ ያዛወረው?› ብሎ አፈጠጠብን። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሕግ አወጣ። ቁልፉ ሳይታይ ፎቶ አይወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ጥሩ ታሪክ ነበር። ጥሩ ታሪክ ደግሞ ማንም ሊፈጥር ይችላል ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሃያውንም ፎቶ እኔም ቢኒም አንድ ሳንሳሳት ለየናቸው። ሚስተር ኖርማን እጃቸውን እያፋተጉ አሸናፊውን የሚለይ አንድ የመጨረሻ ፎቶ ከካርቶን አወጡ። አንድ ወጣት ቆሟል፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ነው። ልብሱ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ጓንቱ ቀኝ እጁ ላይ ነው። ቢኒ አንዴ አየና ጽፎ ወረቀቱን አጠፈ። እኔም እርሳሴን አሳረፍኩ። ከዚያ ቁልፎቹን አየሁ።

ሸሚዙ በቀኝ በኩል ነው የደረበው፤ እንደ ሴት ሸሚዝ።

አባቴ ያለኝ እውነት ከሆነ ፎቶው ተገልብጧል፤ ጓንቱ ያለው ግራ እጁ ላይ ነው፤ ሰውዬው ቀኙ ነው። ያለኝ ለጨዋታ ማድመቂያ ከሆነ ግን ዊንተሩን ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ ቃል አጣለሁ፤ ቢኒም ስለ አባቴ ያለው ትክክል ይሆናል። ዘወር ስል አባቴ በሩ ጋ ቆሟል፤ የፓርኪንጉን ጃኬት እንደለበሰ፣ ትከሻው ላይ በረዶ እንዳለ። እዚያ ሆኖ ፎቶውን ማየት አይችልም። ጎንበስ አልኩና «ቀኙ ነው» ብዬ የታላቁን ስም ጻፍኩ።

ሚስተር ኖርማን ወረቀቶቻችንን ገለጡ። «ቢኒያም!» አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ሸሚዙ የሴት ነው» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቢኒማ ወንበሩን ይዞ ነው የሳቀው። ሚስተር ኖርማን ብቻ አልሳቁም። ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስለ ቁልፉና ስለ ኔጋቲቩ አስረዳሁ። የዚያኑ ቡድን ሌሎች ፎቶዎች አወጡ። አጉሊ መነጽራቸውን አነሱና አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም በግራ ነው የደረቡት። ወደዚያኛው ፎቶ ተመለሱና መነጽሩን ቁልፎቹ ላይ አሳረፉ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሰው በወንድሙ ስም ስጠራው ኖሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ማነው ያስተማረሽ?»

«አባቴ» አልኩ፤ ወደ በሩ አመለከትኩ።

አባቴ እያፈረ መጣ። ሚስተር ኖርማን ፎቶውን ሲዘረጉለት መጀመሪያ መዳፎቹን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ፣ ጠርዝና ጠርዙን ብቻ ይዞ ተቀበለ። የሰውዬውን ፊት አላየም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጋደል አድርጎ ወረቀቱን አየ፣ ጥላውን አየ፣ ማዕዘኖቹን አየ። እንደዚያ አድርጎ አንድ ነገር ሲይዝ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። እንዲህ ያለ አያያዝ የሚለመደው በዓመታት ነው።

«ንገሪያቸው» አለኝ በአማርኛ፤ «በጀርባው ነው የታተመው። ሥራው ግን ንጹሕ ነው። አታሚው ጀማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ቸኩሏል።»

ተረጎምኩ። ሚስተር ኖርማን ሥራውን የት እንደተማረ ጠየቁት። አባቴ እኔን አልጠበቀም። «ደሴ። ሲክስቲን ይርስ» አለ በራሱ እንግሊዝኛ፣ ቀና ብሎ። ሚስተር ኖርማን የሽልማቱን ጓንት ለእኔ ሰጡኝና ወዲያው ሌላ ካርቶን ጎተቱ። እርግጠኛ ያልሆኑባቸው አራት ፎቶዎች አሉ፤ «ሚስተር ተፈራ ጊዜ ይኖራቸው ይሆን?» ብለው አባቴን ጠየቁት። አባቴ ጃኬቱን አወለቀና ወንበር ሳበ።

ቢኒ በጆሮዬ «ኦኬ፣ ኦኬ። ጋሼ ሪል ፎቶ አንሺ ነው» አለኝ።

ወደ ቤት ስንወጣ ሊፍቱ ውስጥ ብቻችንን ነበርን። «አንቺም አላመንሽኝም ነበር፣ አይደል?» አለኝ። በድምፁ ቁጣ አልነበረም።

«ማስረጃ አልነበረኝም» አልኩት።

አሥራ ሁለተኛ ፎቅ እስክንደርስ ሳቀ። «ልክ ነሽ» አለኝ፤ «እኛም ያለ ደረሰኝ ፎቶ አንሰጥም ነበር።»

ዛሬ በምሠራበት የዜና ክፍል፣ የቆየ ፎቶ ላይ ያለን ሰው ኮምፒዩተር በሰከንድ ይለየዋል። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ሥራ ያቀላል። አባቴ አርጅቷል፤ ዓይኑ ደክሟል፤ ፎቶ ስሰጠው ግን ዛሬም በጠርዙ ነው የሚይዘው። ያኔ የእኛ አባቶች ማን እንደነበሩ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔ ጥያቄውን እንጀራዬ አደረግኩት። «እዚያ እያለሁ እንዲህ ነበርኩ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ወረቀት አሳየኝ አልልም፤ ሥራውን ከምን እንደሚጀምር ነው የምጠይቀው። የሠራው ሰው ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ነገር ይመልሳል።

ባለፈው ወር ስለ መጋዘን ሠራተኞች ለመጻፍ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ሄጄ ነበር። ካርቶን የምታሽግ አንዲት ሴት ጅማ ውስጥ አዋላጅ እንደነበረች ነገረችኝ። አጠገቧ ያሉት ወጣት ሠራተኞች ተያይተው ፈገግ አሉ። ምጥ የያዛት እናት አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ እሷ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኳት። የሥራ ጓንቷን አወለቀችና ሁለት መዳፎቿን አገናኝታ ቀስ ብላ አሸች።

«እጄን አሞቃለሁ» አለችኝ።

ማስታወሻዬ ላይ «የመጋዘን ሠራተኛ» ብዬ የጻፍኩትን ሰረዝኩና «አዋላጅ» ብዬ ጻፍኩ።