ከእጁ የተቀበልኩት ዱላ

ሕግ የምታጠናው ልጄ ለፈተና ስትዘጋጅ ጮክ ብላ ስለምታነብ ጎረቤቱ ሁሉ አብሯት ይማራል። ባለፈው ሳምንት «በክህደት የተፈጸመ ግድያ ቅጣቱን ያከብዳል» የሚል ቦታ ደረሰችና ቀና አለች። «እማ፣ ክህደቱን ግን በምን ያስረዱታል? ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው እኮ።» ጎመን እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። እኔ ያስረዳሁት በዱላ ነው። ለልጄ ግን አልነገርኳትም።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ መስቃን ውስጥ፣ አክስቴ ዘይነባና ባሏ ሸምሱ ጋ እኖር ነበር። በርበሬ የሚለቀምበት ወቅት ስለነበር ግቢው ሙሉ ቀይ ስጥ ነው፤ ስናነጥስ ነበር የምንውለው። ሸምሱ ከጎረቤታችን ከነስሩ ጋር በድንበር ተጣልቶ፣ ሽማግሌ ካስታረቃቸው ሳምንት አልሞላም። ነስሩን ምሳ ሲጠራው ደስ አለን። ቆጮውን የጋገርኩት ራሴ ነኝ።

አክስቴ ልጆቿን ይዛ ገበያ ሄዳ ነበር። ነስሩ «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ሲገባ ሸምሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዱላውን ተቀበይው እንጂ፣ እንግዳ እኮ ነው» አለኝ። የታረቀ ሰው ዱላ ይዞ ማዕድ አይቀርብም፤ መቀበሉም ክብር ነው። እስኪነገረኝ መጠበቄ እያሳፈረኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ ጓዳ አስገባሁት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ይዤ አጎንብሶ ሲታጠብ ውሃ አፈስለት ጀመር። ሸምሱ ከኋላው መጥቶ በመጥረቢያ መታው።

ሸምሱ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን ሌላ ነበር። «ምሳ ላይ ተጨቃጨቅን፤ መጀመሪያ ዱላ ያነሳብኝ እሱ ነው» አለ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለምስክርነት በተጠራሁበት ጠዋት ከአክስቴ ጋር በጋሪ ሄድን። ከተማው መግቢያ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ አላየሁም በይ አልልሽም። ሲመታው አይተሻል፣ ተናገሪ። የዱላውን ነገር ብቻ ተይልኝ። በጠብ ገደለ ከተባለ ታስሮ ይወጣል። ያንን ከተናገርሽ ግን ይሰቅሉታል።»

አምስት ልጆች ነበሯት።

ፍርድ ቤት ስገባ የሸምሱ ወንድሞች ከፊት ተደርድረዋል። ቁርኣኑን ነክቼ ማልኩ። እነሱን ፈራሁ፣ የአክስቴን ልጆች ዓይን ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን «መከላከያውን የወሰድሽበት አንቺ ነሽ» ብለው እኔንም የሚያስሩኝ መሰለኝ።

ዐቃቤ ሕጉ፣ «ሟች ሲመታ በእጁ ምን ነበር?» አለኝ።

«ውሃ።»

«ዱላውስ?»

አክስቴ መሬት መሬት ታያለች።

«ጓዳ። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ተቀበይው ያለኝ ሸምሱ ነው» አልኩ።

ሞት አልፈረዱበትም፤ ዕድሜ ልክ ፈረዱበት። እስር ቤት ውስጥ እስኪሞት ድረስ አክስቴ ስንቅ አመላለሰችለት። እኔ ወልቂጤ ዘመድ ጋ ሸሽቼ እዚሁ ቀረሁ።

ልጆቿ ሲበታተኑ አክስቴ ወደ እኔ መጣች፤ ሦስት ዓመት ሆናት። ልጄ ያንን ስለ ክህደት ያለውን ስታነብም አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም። ምሳዋን ሳቀርብላት ቀና ብላ ካየችኝ ግን ልቤ ይመታል። ትወቅሰኛለች ብዬ አይደለም፤ ወቀሳውንስ እችለዋለሁ። አንድ ቀን «ይቅር ብዬሻለሁ» እንዳትለኝ ነው የምፈራው። ይቅር ካለችኝማ፣ በድያት ነበር ማለት ነው።