ያልጾመ ሰው የተፈለገበት ቀን

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን እንደገና ገጠሙ። ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ጎረቤቴ የመኪናውን ሞተር ሲፈታታ አገኘሁት፤ የቤንዚኑ ሽታም ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ወደነበሩበት ወደ አንድ የወጣትነቴ ረፋድ ይዞኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ዲያቆን ነበርሁ፤ በመካነ ሰላም ከተማ ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ድጓ እማራለሁ። የኔታ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሊቅ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት በጆሯቸው ብቻ ያስተምሩን ነበር። ሐኪሞች አቀስታ መጥተው የዐይን ሞራ እየገፈፉ ነው የሚለው ወሬ የደረሰን የሐኪሞቹ የመጨረሻ ቀን ሊነጋ ሲል ነው። አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሎን ሄደ። የቀረችን ተስፋ የእንስሳት ሐኪሙ የአቶ ደምሴ አሮጌ መኪና ነበረች።

መኪናዋ ብታረጅም ቤንዚኑን በግፊት ወደ ሞተሩ የምትረጭ ዓይነት ነበረች፤ አቶ ደምሴም ይህን ሳይናገሩ ውለው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ጥቁር ጭስ ተፋች፣ አሳለች፣ ጠፋች።

መካኒኩ ጋሼ ሰይድ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ሲነቅሉ ቤንዚን ተንጠባጠበ። ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የቤንዚኑን ግፊት የሚመጥነው ከእንቁላል የማይበልጥ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዷል፤ ሞተሩም በቤንዚን ታንቋል። በጋሼ ሰይድ ጓሮ ዶሮዎች የሚጥሉባት የዚያችው ዓይነት ወዳቂ መኪና ነበረች። ጣቶቼ ቀጫጭን ስለነበሩ የእርሷን ሬጉሌተር የፈታሁት እኔ ነኝ።

ለዓመታት የተኛውን ዕቃ ሳይፈትኑ መግጠም የቀረችንን ጊዜ መበተን ነው። መፈተኛው ደግሞ በአፍ መሳብ ነበር፤ ምላስ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ሽፋኑ ደህና ነው። ነገር ግን ዕቃው ላይ የቀረችው ቤንዚን ወደ ጉሮሮ መውረዷ አይቀርም። ጋሼ ሰይድ ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆሙና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ዲያቆን፣ እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ፣ ጋሼ ሰይድ።»

«ታዲያ ማን ይጥባው? ዶሮዋ?»

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት የኔታ ሳቁ፤ ያልጾመ ሰው እንድንፈልግም አዘዙ። ሕፃን እንዳላመጣ ጋሼ ሰይድ አስጠነቀቁኝ፤ ቤንዚን በልጅ አፍ አይገባም። ገበያውን አዳረስሁ። በዚያች ዕለት በመካነ ሰላም ያልጾመ ሰው አልነበረም። ሻይ ቤት በር ላይ ከንፈሩን ሲጠርግ ያገኘሁት ሹፌር እንኳ ጾመኛ መሆኑን ምሎ ነገረኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጥያቄዬን እንደ ስድብ ቆጥረው ከዘራቸውን አነሡብኝ።

ስመለስ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር። መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። የኔታ መሳቁን ትተዋል።

«ዜማው በጆሮም ይያዛል» አሉ ቀስ ብለው። «ተዉት፤ ምራኝና ወደ ቤት እንግባ።»

አቶ ደምሴ አንገታቸውን ደፍተው የመኪናዋን መስተዋት ይወለውሉ ነበር። በከተማው ጾም በሚሽር ሰው ላይ ከእርሳቸው በላይ የሚቆጣ አልነበረም። ጨርቁን ጣሉ።

«አምጡት። እኔ ጾመኛ አይደለሁም።»

ዛሬም ትናንትም ቁርሳቸውን መብላታቸውን ተናገሩና ቆርቆሮውን ተቀብለው ሳቡት። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ቤንዚን ተፉ፤ ሬጉሌተሩ ግን ከምላሳቸው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አብሽር ደምሴ» አሉ ጋሼ ሰይድ ትከሻቸውን ቸብ አድርገው፤ «ቁርስህ ለሁላችን ተረፈ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ጋሼ ሰይድ የባትሪውን ሽቦ ነቀሉ፤ ቧንቧውን በጨርቅ ሸፍነው ግፊቱን አስተነፈሱና የተቀደደውን አወጡ፤ እኔም ሌላውን በቦታው አስገብቼ ብሎኑን አጠበቅሁ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ፤ ጭሱ እየሳሳ ጠፋ። የኔታ የተማሪ ዜማ እንደሚያዳምጡ ሁሉ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «አሁን ተቃና» አሉ።

መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም ብለው ጋሼ ሰይድም አብረውን ተሳፈሩ። የገብስ ቃርሚያ ማሳውን በግራ በቀኝ እያሳለፍን በአቧራ ተሸፍነን አቀስታ ስንደርስ ሐኪሞቹ ሣጥን ያሽጉ ነበር። የየኔታን ዐይን አዩና ሣጥኑን መልሰው ከፈቱ። እኔም ሰዓቴ ቢያልፍም ጋሼ ሰይድን እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ጠበቅሁ፤ የእርሳቸውን ቴምርና የእኔን የባቄላ ንፍሮ በዚያ የደጋ ብርድ አብረን በላን።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ የኔታ ከፊታቸው የቆሙትን አቶ ደምሴን አተኩረው ተመለከቱ። ሰውየው ወደ ከተማችን የመጡት የየኔታ ዐይን ከታወረ በኋላ ነበር።

«አንተ ነህ ደምሴ? ምነው ከሲታ ነህ? ቁርስ የሚበላ ሰው አትመስልም።»

አቶ ደምሴ እየሳቁ አለቀሱ። የኔታም በሳምንቱ በእጄ የገለበጥሁትን ድጓ አስቀርበው ሲያርሙ፣ ከአንድ ገጽ ሰባት ስሕተት ለቀሙልኝ፤ እንደዚያ ቀን በስሕተቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ቄስ ሆኜ የብዙ ሰው ኑዛዜ እሰማለሁ። አብዛኛው በሹክሹክታ፣ ፊትን በነጠላ ሸፍኖ የሚነገር ነው። አቶ ደምሴ ግን የእርሳቸውን በጠራራ ፀሐይ፣ ለሌላ ሰው ዐይን ብርሃን ሲሉ ተናገሩት። እኔም አንዲት ጉንጭ ቤንዚን ውጬ በኋላ ንስሐ መግባት እችል ነበር፤ ገበያውን ሁሉ ስዞር ይህ አልታየኝም። አቶ ደምሴን ግን፣ ከራስ ክብር የየኔታ ዐይን እንደሚበልጥ ታያቸው።