ስም ያልተጠራበት ጡሩንባ

ሙዚቃ ስገመግም አላመነታም። ጉራ ከመሰላችሁም ይምሰላችሁ፤ ጆሮዬ አታሎኝ አያውቅም። በሬዲዮ ፕሮግራማችን በየሳምንቱ አንድ አልበም አነሳለሁ፤ የወደድኩትን አሞግሳለሁ፣ ያልወደድኩትን ፊት ለፊት እናገራለሁ። ሠሪው ካኮረፈ ደግሞ ጉዳዩ ነው።

ያን ሳምንት ተራው የአንድ የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ማጀቢያ ነበር። ምድር ጠፍታ በመንኮራኩር የሚንከራተቱ ሰዎች ታሪክ ነው። እኔ ግን የምመዝነው ድራማውን አይደለም፤ ምስሉ ሲነሳ ሙዚቃው ብቻውን ይቆማል ወይ? አብዛኛው ይቆማል። ክራሩን በማሽን ጎትተው ጎትተው ማለቂያ የሌለው ሰማይ አድርገውታል፤ ዋሽንቱም ያለ ቦታው አይገባም። ከበሮው ሁለት ቦታ ላይ በዝቷል፤ በዝቷል ብዬ ጻፍኩ።

አምስተኛው ትራክ ግን አናደደኝ። ምድር የምትጠፋበት ትዕይንት ማጀቢያ ነው። ኪቦርዱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት የእድር ጡሩንባ! ያው የሰፈራችን፣ ሰው ሲሞት በማለዳ የሚነፋው። ሦስት ጊዜ ይጮህና ጭጭ ይላል። ኧረ እድር ጠፈር ላይ ምን ይሠራል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ማስታወሻዬ ላይ «ለፌዝ የቀረበ፤ ዝምታውም ባዶ» ብዬ አሰፈርኩ።

በጆሮ ማዳመጫ የሰማሁትን ሁልጊዜ በትልቅ ስፒከር እደግመዋለሁ፤ ልማዴ ነው። ቅዳሜ በማለዳ፣ ቀራንዮ ባለው ቤቴ፣ መስኮቱን ከፍቼ አምስተኛውን ለቀቅኩት። ጡሩንባው ጮኸ፤ ዝም አለ። ወዲያው በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ ሌላ በር፣ ሌላም።

በእኛ ሰፈር ጡሩንባ ነፊው ነፍቶ ሲያበቃ የሟቹን ስም ይጠራል። ሰዉ ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ያን ስም ይጠብቅ ነበር፤ ፎጣ እንዳገለደመ፣ የጥርስ ብሩሽ በአፉ እንደያዘ። ስም አልመጣም። ያኔ የሁሉም ዓይን ወደ ጎረቤቴ በር ዞረ። እትዬ የምላቸው አሮጊት የሚኖሩበት ቤት ነው፤ ጋሼ የምላቸው ባለቤታቸው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ከተኙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። በሩ ተከፈተ። እትዬ ነጠላቸውን ለለቅሶ ዘቅዝቀው ወጡ።

ክው አልኩ። እየሮጥኩ ሄጄ፣ «እትዬ፣ ሙዚቃ ነው! የቴሌቪዥን ሙዚቃ ነው፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አትደብቀኝ፤ እኔም ለስንቱ ደብቄያለሁ» አሉኝ።

መርዶ እኮ ለቤተሰብ እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪያረዳ ድረስ ሁሉም ይዋሻል። ጎረቤቶቹ ነገሩ ገብቷቸው «ኧረ ደህና ናቸው፣ ምንም የለም» ባሉ ቁጥር እትዬ የባላቸውን ሞት ይበልጥ አመኑ። ሙዚቃውን ደግሜ ላሰማዎት ስላቸው አንዷ ጎረቤት በጥፊ ልትለኝ ምንም አልቀራትም። አስታማሚ ሆኖ ያደረው ልጃቸው ስልክ ቢደወልለት አላነሳም። ይሄ ደግሞ ለእትዬ ሌላ ማረጋገጫ ሆነ።

እጃቸውን ይዤ ታክሲ ውስጥ አስገባኋቸው። መንገዱን ሙሉ አላለቀሱም፤ «ሳልሰናበተው» ብቻ ይሉ ነበር፣ ለራሳቸው። እኔ፣ ያ ጆሮው የማይሳሳተው ሰውዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ብንደርስና እውነት ሆኖ ቢገኝስ?

ጋሼ ትራስ ተደግፈው ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ምን ሆናችሁ ነው በጠዋቱ?»

እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ያን ጊዜ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ስድቤን ልጠጣ ተዘጋጅቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«እስቲ አምጣው» አሉ ጋሼ።

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸውና አምስተኛውን ከፈትኩት። ጡሩንባው ካበቃ በኋላ፣ ባዶ ብዬ የናቅኩት ዝምታ ላይ ሲደርሱ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው አየኋቸው። ስም እየጠበቁ ነበር። እዚያው ቆሜ ፍርዴን ቀየርኩ። በሬዲዮም የአልበሙ ምርጥ ሥራ አምስተኛው ነው፣ ከእሱም ምርጡ ድምፅ የሌለበት ቦታ ነው አልኩ፤ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፣ እኔ ግን ዛሬም ያው ነኝ።

ያን ጠዋት ጋሼ ማዳመጫውን አውልቀው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ማን ማን ወጣ?»

እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከላይኛው ግቢ ጀምረው እስከ ታች፣ ቤት በቤት ነገሯቸው።

«ያ የአጥሩ ሰውዬስ?» ስለ አንድ ክንድ መሬት ተጣልተው ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈጉትን ጎረቤት ማለታቸው ነው።

«እሱማ ከሁሉ ቀድሞ! በባዶ እግሩ ነው የወጣው፤ ልጄን ጠይቀው።»

እውነት ነው፤ አይቼዋለሁ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ሳይዞሩ፣

«ሐኪሙን ጥሪልኝ፣ ወደ ቤቴ ይልቀቀኝ» አሉ፤ «ሳልሞት ላነጋግረው የምፈልገው ሰው አለ።»